የሒሳብ ደብተሬ የተለበደበት የከሰል ማማ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዐሥር ወር አለፈው። እማዬ ቀኑንም ጭምር ይዛለች፤ እኔ ግን በቁጥር ድሮም ሰነፍ እንደሆንኩ ታውቃለህ፣ በየፈተና ወረቀቴ ላይ ያለው ፊርማህ ምስክር ነው። ዛሬ የምጽፍልህ ላለቅስብህ አይደለም። ለቅሶውን አልቅሰናል፤ አሁንም አንዳንድ ቀን ሳይጠራ ይመጣል። የምነግርህም የምጠይቅህም ነገር ስላለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ፕላኑ ተገኝቷል።

አዎ፣ እሱው ፕላን። የከሰሉ ማማ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥን ሲያስገለብጥህ የኖረው፣ ከጋሽ ወልዴ ጋር ያቆራረጠህ ወረቀት። የት እንደተገኘ ስነግርህ ግን እንዳትቆጣ፤ ብትቆጣም ቁጣህ ዞሮ የሚያርፈው ራስህ ላይ ነው።

በፊት የቤቱን ወሬ ላድርስህ። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷ ክረምቱን ሙሉ ሲያስቸግራት ከርሞ አሁን ፀሐይ ስትወጣ ተሽሏታል። ካፖርትህን ለማንም አልሰጠችም። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እሷው ትለብሰዋለች፤ እጅጌውን ላሳጥርልሽ ብላት እምቢ አለችኝ። እኔ የስፌት መኪናዬን ሳሎን አስገብቻለሁ። ከመብራት ኃይል ወደ እኛ የሚገባው መንገድ ተቆፍሮ፣ ተደፍኖ፣ እንደገና ተቆፍሯል። "ከሰል የማይበላ ባቡር" እያልክ የምታሽሟጥጠው የኤሌክትሪኩ ባቡር ጡሩምባው ዛሬም በለቡ ጣቢያ በኩል ይሰማል። እማዬ በሰማችው ቁጥር የእጅ ሰዓትህን ታያለች። ሰዓትህ ባትሪ ጨርሶ ከቆመ ቆይቷል፤ እሷ ማየቷን አልተወችም።

ሰርቪስ ቤቱ እንደተውከው ነው። ጠረጴዛህን ማንም አልነካውም። ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ደንበኞቼ በሩ ተከፍቶ ሲያዩት ምን እንደሆነ ይጠይቁኛል። እኔም አባቴ የምድር ባቡር አናጢ ነበር፣ ጡረታ ሲወጣ የሠራበትን መስመር አሳንሶ ቤት አስገባው እላቸዋለሁ። ከኤሌክትሪክ ሽቦ የሠራኸውን ሐዲድ፣ ከዋንዛ የጠረብካቸውን ፉርጎዎች፣ ከዘይት ቆርቆሮ የቆረጥከውን የጣቢያ ጣሪያ አሳያቸዋለሁ። አንዱ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ሁሉም ነገር በልኩ። ባቡሩን በጣታቸው ሲገፉት ትልልቅ ሰዎች እንደ ልጅ ይስቃሉ። ከዚያ ዓይናቸው አንድ ቦታ ላይ ይቀራል። ከጣቢያው ማዶ፣ ሐዲዱ ዳር፣ ቀለም ያልነካው አራት ማዕዘን በእርሳስ ተሰምሮ፣ ከጎኑ "የከሰል ማማ" ተብሎ ተጽፏል። "እዚህ ጋስ?" ይሉኛል።

እዚህ ጋማ የሚቆመው አንተና ጋሽ ወልዴ በጎረምሳነታችሁ ያፈረሳችሁት ማማ ነበር። ስንቴ ነግረኸኛል። ከአዋሽ ወዲህ ባለች ትንሽ ጣቢያ፣ በእንጨት እግሮች ላይ የቆመ ትልቅ ሣጥን፤ በከሰል የሚሄደው ባቡር ከሥሩ ይቆማል፣ መዝጊያው ሲከፈት ከሰሉ እየተንሸራተተ ይወርድለታል። ናፍጣው ባቡር ከመጣ ወዲህ ማማው ሥራ ፈትቶ ቆሞ ስለነበር፣ እናንተን ሁለት ጀማሪ አናጢዎች ሄዳችሁ አፍርሱት አሏችሁ። እናንተ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ስትለኩት ሰነበታችሁ። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይኼ ነው፣ አባዬ። አፍርሱ የተባለን ነገር ማን ይለካል? አለቃችሁ ምን እያደረጋችሁ ነው ሲላችሁ "ምስማሩ የት እንዳለ ሳናውቅ በምን እንነቅላለን?" ብለህ እንዳታለልከው ነግረኸኛል፤ እውነተኛውን ምክንያት ግን አንድም ቀን አልነገርከኝም። ወይ አምሮባችሁ ነበር፣ ወይ አሳዝኗችኋል። ወይም ሁለታችሁም ከእኔ የባሳችሁ ጠያቂዎች ነበራችሁ።

ጠቡንም አስታውሰዋለሁ። ጡረታ ወጥተህ ጠረጴዛውን ስትጀምር ፕላኑን ፈለግህ፣ የለም። ከዚያ ትዝ አለህ፤ እኔ አራተኛ ክፍል ልገባ ስል ጋሽ ወልዴ "ልገልብጠው" ብለው ወስደውት ነበር። ጠየቅሃቸው። እሳቸውም በዚሁ ሳሎናችን ቁጭ ብለው፣ "መልሼልሃለሁ። መስከረም ላይ ከደብተር መለበጃው ወረቀት ጋር ጠቅልዬ አምጥቼልሃለሁ" አሉህ። ያን ጊዜ ጋሽ ወልዴ ወደ ቢሮ ተዛውረው ስለነበር፣ በየመስከረሙ የተበላሸ የንድፍ ወረቀት፣ ያን ወፍራሙንና ቡናማውን፣ እየጠቀለሉ ያመጡልን ነበር። አንተ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ፣ በማስመሪያ ለክተህ፣ እንደ በርና መስኮት እየተጠነቀቅክ ደብተሮቼን ትለብድልኝ ነበር። ስለዚህ መልስህ ዝግጁ ነበር። "የዚያን ወረቀት እያንዳንዱን በገዛ እጄ ቆርጬዋለሁ። ፕላን ቢኖርበት ዓይኔ የት ሄዶ ነው?" አልካቸው። ጋሽ ወልዴ ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። አንተም በሩ ሲዘጋ "ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር" አልክ፤ ያን ተረት ከዚያ በኋላ ስትተርተው ሁሉ ጋሽ ወልዴን እያሰብክ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ሃያ ዓመት! ፋሲካው፣ መስቀሉ፣ ሠርጉ፣ ልቅሶው፣ ሁሉም ያለ ጋሽ ወልዴ አለፈ። አራት ማዕዘኑም ባዶውን ቀረ። ፕላኑን ተወውና በግምት ሥራው ስልህ፣ "በግምት የተሠራ ነገር ግምት ነው የሚሆነው" ብለህ አፌን አስያዝከኝ።

አሁን ወደ ነሐሴ ልውሰድህ። የሰርቪስ ቤቱ ጣሪያ አፈሰሰ። ደግነቱ ጠረጴዛህ ላይ አልነበረም፤ ጥግ ላይ፣ ያ የቆርቆሮ ሣጥን ላይ ነው። የአናጢነት ዕቃህ ይሆናል ብዬ ለማድረቅ ስከፍተው ውስጡ በሙሉ የእኔ ደብተሮች። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል። እኔ ዓመት ባለቀ ቁጥር የምጥላቸውን አንተ እየለቀምክ ታስቀምጣቸው እንደነበር የት አውቄ! የአራተኛ ክፍሉ የአማርኛ ደብተር ርሶ ሙጫው ስለለቀቀ ልባዱ እጄ ላይ ቀረ። ገልብጬ ሳየው ውስጡ በእርሳስ የተሣለ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ሥር የሣጥን ግማሽ፣ ከጎኑ ቁጥር፣ ከቁጥሩ በላይ በአንተ ጽሕፈት "የከሰል ማማ"። እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ደስታዬን ትተህ የማየውን አስብ። ሥዕሉ ሣጥኑ ጋ ሲደርስ በመቀስ ተቋርጧል። አንተ እንጨት አሽትተህ ዓይነቱን እንደምታውቅ፣ እኔም የተቆረጠ ነገር አይቼ ቀሪው ወዴት እንደሄደ አላጣውም። ከአንድ ትልቅ ወረቀት ስንት ደብተር ይወጣል ብዬ ለካሁ። ሦስት። የሒሳቡን ደብተር አገኘሁና አንዱን ጎን በእንፋሎት እያላቀቅሁ አጮልቄ አየሁት፤ የማማው እግሮችና መሰላሉ እዚያ ናቸው። የታችኛው እጥፋት ግን በዱቄት ሙጫህ ድርቅ ብሎ ስለተጣበቀ እንዳይቀደድ ፈርቼ ተውኩት። ሦስተኛው፣ መካከለኛው፣ ከሰሉ የሚወርድበት መዝጊያ ያለበት፣ የሳይንስ ደብተሬ ላይ መሆን ነበረበት። የሳይንስ ደብተሬ ሣጥኑ ውስጥ የለም።

እማዬን ጠየቅኋት። መጀመሪያ አልሰማችም። ሁለተኛ ስጠይቃት ጆሮዋ ደህና እንደሆነ አወቅሁ። በኋላ፣ "አባትሽ ሣጥኑን ሳይቆልፍ ይሄድ ነበር፤ ዝናብ በሆነ ጊዜ አንድ ሁለቱን ለከሰል ማቀጣጠያ ወስጄ ይሆናል" አለችኝ። ተመልከት እንግዲህ፣ የከሰል ማማህ ሲሶው ከሰል አቀጣጥሏል። ተሳስቀን ተሳስቀን፣ መጨረሻ ላይ እሷ ሳቋን ትታ በካፖርትህ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች።

ማን እንደለበደው ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርኩ፤ ልጅ ሆኜ መቀስ ስወድ ታውቃለህ። ነገር ግን ማዕዘኑ ሦስቴ የታጠፈው እንዳንተ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ ስሜ፣ ክፍሌና "ሒሳብ" የሚለው በአንተ ጽሕፈት ነው፤ ከሥሩ ሁለት ቀይ መስመር። አንተ ነህ፣ አባዬ። ዓይንህ የት እንደሄደ ግን ሳስብ ሰነበትኩ። የመጣልን ወረቀት ሁሉ የተበላሸ ንድፍ ስለነበር፣ መስመር ያለበትን ገጽ ሳታይ ወደ ታች አድርገህ ንጹሑን ወደ ላይ ትዘረጋ ነበር። በንድፍ ክምር ውስጥ አንድ ንድፍ ማን ይለያል? ከዚያም ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ያንን ደብተር ይዘህ የወላጅ ፊርማ ፈርመህበታል። ማማው መዳፍህ ሥር ነበር።

ይኼ ሲገባኝ አፈርኩ። በአንተ አፈርኩ፣ ለአንተም አዘንኩ። ጋሽ ወልዴ ያሉት ቃል በቃል እውነት ነበር፤ አንተ ለማስረጃ ያቀረብከው ደግሞ ራሱ ጥፋቱ ነበር። ታመህ በተኛህ ጊዜ "ወልዴ አልመጣም?" ብለህ አንድ ቀን ጠይቀኸኛል። አልመጡም። ቀብርህ ላይ ግን መጥተው አፈር አልብሰውሃል። የእማዬን እጅ ይዘው "እግዜር ያጥናሽ" አሉ፤ ነፍስ ይማር ሳይሉ፣ ድንኳንም ሳይገቡ ሄዱ። እማዬ ይህን ይዛው ነበር። እኔም ያኔ ተቀይሜያቸው ነበር።

እንግዲህ የጠፋውን መካከለኛ ክፍል የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው፤ እሱም ይቅርታ የምንለምነው ሰው ነው። ብስራተ ገብርኤል፣ እዚያው የድሮ ቤታቸው እንዳሉ አጠያይቄ ደረስኩበት። ልሄድ ስነሳ እማዬ፣ "ለይቅርታ ያለ ሽማግሌ አይኬድም" አለችኝ። ማንን እንውሰድ ስላት ካፖርትህን ለበሰች። ሙዝና ብርቱካን ይዘን በመካኒሳ በኩል በታክሲ ሄድን፤ እኔ ደብተሮቹን ደረቴ ላይ አቅፌ።

በሩን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ከእኛ በፊት ያወቁት ካፖርቱን ነው። ቁጭ በሉ ቢሉን እማዬ፣ ይቅር ሳትለን አንቀመጥም ብላ ቆማ ቀረች። እኔም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። የሒሳቡን ደብተር ተቀበሉኝና በአውራ ጣታቸው ማዕዘኑን ዳሰሱት፤ "የአሰፋ እጅ ነው" አሉ። ከዚያ ይቅር ብያለሁም አልልምም ሳይሉ፣ የታችኛው እጥፋት ለምን እንዳልተከፈተ ጠየቁኝ። ቀስ ብዬ እፈታዋለሁ ብላቸው እምቢ አሉ። ለብ ያለ ውሃና ጨርቅ አስመጡ። የዱቄት ሙጫ ውሃ ካየ ይለቃል እያሉ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ታገሉት፤ ሁለታችንም እንደቆምን። ሲከፈት ወደ መስኮቱ ወሰዱት፣ ዓይናቸው አልደረሰበትም፣ መልሰው ሰጡኝ። "እዚያ ታች የተጻፈ ነገር ነበር። አለ ወይስ አጥፍቶታል?" አሉኝ።

ነበር። ከመሰላሉ ጎን ዐሥራ ሦስት የሚለው ቁጥር ተሰርዞ፣ ከሥሩ በእርሳስህ እንዲህ ጽፈሃል፦ "መወጣጫው ዐሥራ አራት ነው። እንደገና ወጥቼ ቆጠርኩት። ወልዴ ልክ ነው።"

ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። ቃሉ የቱ ጋ እንደሆነ ጣቴን ይዘሽ አሳዪኝ አሉ፤ ጣታቸውን ይዤ አስቀመጥኩላቸው። ከዚያ ነው ነገሩን የነገሩን። መወጣጫው ዐሥራ ሦስት ነው፣ ዐሥራ አራት ነው ስትባባሉ ሁለት ቀን አልፏችሁ፣ በሦስተኛው ቀን በዚያ ፀሐይ እንደገና ወጥተህ ቆጥረህ ወረድክ፤ አንዲት ቃል ሳትናገር ጻፍክ። "አባትሽ በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው ልክ ነህ ያለኝ፤ እሱንም በአፉ ሳይሆን በእርሳስ" አሉኝ። ፕላኑን ልገልብጠው ብለው የወሰዱትም ለመገልበጥ አልነበረም። ባለቤታቸውን ሊያሳዩ ነው! ከልባቸው ሳቁ። ሳቁና፣ ጣታቸውን መልሰው ቃሉ ላይ አሳረፉት። እማዬ ያኔ ይቅር እስኪሉን ሳትጠብቅ ተቀመጠች።

ለምን መልሰው እንዳልሣሉልህም ጠየቅኋቸው። ማማውን ዓይናቸውን ጨፍነው ሊሥሉት ይችሉ ነበር። ግን ሥለው ቢያመጡልህ "ይኸው፣ እሱ ጋ ነበረ" እንደምትል አወቁ። እውነታቸውን ነው፣ ትል ነበር። ታመህ ሳለህም እስከ በራችን ድረስ መጥተው፣ አሁንም አያምነኝም ብለው ተመልሰዋል። አንተ ውስጥ ሆነህ ስለእሳቸው ስትጠይቅ፣ እሳቸው አጥሩ ማዶ ቆመው ነበር። ይህን ስጽፍልህ እጄ ከብዶኛል፤ ግን ብደብቅህ ደግሞ ሌላ ወረቀት መለበድ ይሆንብኛል።

ከዚያ በኋላ አራት ቅዳሜ እኛ ቤት መጡ። መሳቢያህ ውስጥ "ለማማው" ተብሎ የተጻፈበት የወተት ዱቄት ጣሳ አገኘን፤ የጥድ ስንጥሮች በልክ በልካቸው ተቆርጠው በክር ታስረዋል። ፕላኑ ሳይኖርህ እንጨቱን አዘጋጅተህ ነበር? እንደሚገኝ ታምን ነበር ወይስ እጅህ አልቀመጥ ብሎህ ነው? ጋሽ ወልዴ የጠፋውን ክፍል ነገሩኝ፤ መዝጊያው በሰንሰለት ይሳብ እንደነበር፣ ራሱ ተመልሶ እንዲዘጋ ከኋላው አሮጌ ብረት ይንጠለጠልበት እንደነበር በእጃቸው አሳዩኝ። እኔ ቆረጥኩ፣ እኔ አጣበቅሁ። መሰላሉን ከስቴኪኒ ሠራሁት። መወጣጫውን እሳቸው ናቸው በጣታቸው እየዳሰሱ የቆጠሩት። ዐሥራ አራት።

ባለፈው ቅዳሜ አቆምነው። አባዬ፣ ቦታው አልበቃውም! በእርሳስ ያሰመርከው አራት ማዕዘን ከማማው እግር በአንድ ጣት ያንሳል። በግምት አልሠራም ያልከው ሰው ቦታውን በግምት ኖሯል ያሰመርከው። ማማው መስመሩን ረግጦ ነው የቆመው። ሐዲዱን ግን አልነካም። እማዬ ከምድጃዋ ከሰል አምጥታ ፈጨችና ሣጥኑን ሞላችው። ጋሽ ወልዴ ባቡርህን በጣታቸው ገፍተው ከሥሩ አቆሙት፣ በክር የሠራሁትን ሰንሰለት ሳቡ፤ ከሰሉ እየተንሸራተተ ፉርጎው ላይ ወረደ። ጥቂቱ ሐዲዱ ላይ ፈሰሰ። እሳቸው እጃቸውን ጠረጴዛህ ላይ እንዳሳረፉ፣ "ነፍስህን ይማር፣ አሰፋ" አሉ።

እማዬ አሜን አለች። እኔም።

የሙት ዓመትህ ቀን ጋሽ ወልዴ ከእማዬ ጎን ነው የሚቀመጡት፤ እሷ ወስናለች። የተሳሳትከውን የእርሳስ መስመር አላጠፋሁትም። ደንበኞቼ "እዚህ ጋስ?" ሲሉኝ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፤ ሊያፈርስ ተልኮ የለካ አባት እንደነበረኝ፣ ደብተሬን በፕላኑ ለብዶ ጓደኛውን እንደጠረጠረ፣ የጻፈውን ራሱ እንደረሳ። እኔ ባለሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ሙሉህን ነው የማስታውስህ። ከመስመሩም ሥር፣ በራስህ እርሳስ፣ የአንተን ጽሕፈት አስመስዬ አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ፤ አንተ ብትኖር በአፍህ ትለው እንደሆነ እንጃ፣ መጻፉን ግን ትጽፈው ነበር፦ "ወልዴ ልክ ነው።"

ልጅህ ሂሩት